ማን ይሰለፍ? ስለ ተጫዋች ምርጫ የተደረገ ክርክር ታሪክ፥ ከካርቱም እስከ መቀሌ

የእግር ኳስ ጨዋታ የሚፈጀው ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ነው። ክርክሩ ግን ከጨዋታው በፊት አንድ ሳምንት፥ ከጨዋታውም በኋላ ሌላ ሳምንት ይፈጃል። በመቀሌ ከተማችን ቡና ቤት የገባ፥ ታክሲ የተሳፈረ፥ ወይም በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤታችን ግቢ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። «እገሌ ለምን ተቀምጦ እገሌ ገባ? በረኛው ይቀየር! አሠልጣኙ ዓይን የለውም ወይ?» የሚለው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ብዙ ወላጆችና አንዳንድ መምህራን ይህን ወሬ ሥራ ፈትነት ነው ይሉታል። እኛ ተማሪዎች ግን ታሪኩን መርምረን ስናየው ተጫዋችን የመምረጥ ነገር ከኳስ በላይ የሆነ ቁም ነገር ያለበት ሆኖ አግኝተነዋል። አሥራ አንድ ሰዎችን ከብዙዎች መካከል መምረጥ ማለት፥ ሰው በምን ይመዘናል? የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነውና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተጫዋች ምርጫ ክርክር ያስነሣባቸውን አንዳንድ የታሪክ ጊዜያት፥ በመጨረሻም የገዛ ከተማችንን ክርክር ለክቡራን አንባቢዎች አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስለ ደጋፊውና ስለ በረኛው

አስቀድሞ ስለ ተከራካሪው ጥቂት መናገር ይገባል። በሀገራችን ደጋፊ «ቲፎዞ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ቲፎዞ ደመወዝ የለውም፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ግን እንደ ባለ ዕዳ ያዝናል። ስለሆነም የመናገር መብት አለኝ ይላል፤ እውነትም አለው።

ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ስለ ግብ ጠባቂ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አጥቂ ወይም አማካይ ቢሆን አሠልጣኙ ሁለት ሦስቱን አብሮ ሊያሰልፍ፥ አንዱን ወደ ክንፍ ሊገፋ፥ ሌላውን ከዕረፍት በኋላ ሊያገባ ይችላል። የበረኛ ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። አንዱ ከቆመ ሌላው ይቀመጣል። የተቀመጠውም ልምድ የሚያገኝበት ጨዋታ ስለሌለው፥ የቆመው እየበረታ ሲሄድ እርሱ ባለበት ይቀራል። በአሜሪካ ሀገር በእጅ እየያዙ በሚጫወቱት የእግር ኳስ ዓይነት ኳርተርባክ የሚባል አንድ ተጫዋች አለ። የማጥቃቱ ጨዋታ ሁሉ የሚጀመረው በእርሱ እጅ ነው። የዚያም ሀገር ቲፎዞዎች ማን ኳርተርባክ ይሁን በማለት ወቅቱን ሙሉ ሲከራከሩ ይከርማሉ። ይህም የሚያሳየው፥ አንድ ሰው ብቻ የሚቆምበት ቦታ በየትም ሀገር ቢሆን ክርክር የማያጣው መሆኑን ነው።

የካርቱም ትምህርት፥ 1949 ዓ.ም.

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አባሎች ነበሩ። በዚያው ወቅት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ ተወሰነ። ገና ኳስ ሳይነካ የተነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ግን የተጫዋች ምርጫ ጥያቄ ሆነ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በአፓርታይድ ሕግ የሚተዳደር ስለነበረ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም አለ፤ ወይ ነጮች ብቻ፥ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት ቡድን ልላክ የሚል አቋም ያዘ። ሌሎቹ ይህን አልተቀበሉትም። ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ቀረች፤ ውድድሩም በሦስት ሀገሮች ብቻ ተደረገ። ኢትዮጵያም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጋጠም የነበረች በመሆኗ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ውጤቱ ለእኛ መራራ ነበር። ነገር ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚታወሰው፥ የአፍሪካ ዋንጫ በተወለደበት ቀን «ሰው በቀለሙ አይመረጥም» የሚል ውሳኔ አብሮት መወለዱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ ውድድር የተመለሰችው የአፓርታይድ ሥርዓት መፍረስ ከጀመረ በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ነው።

የአምበሉ ነገር፥ 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተጫወቱ፥ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። የቡድኑ አምበል ደግሞ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ አሥመራ የተወለደ፥ እናቱ ኤርትራዊት፥ አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ ተጫዋች ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ተሰልፎ ነበር።

ሲነገር እንደቆየው ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት አንዳንድ ሰዎች፥ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል የጣሊያን ስም ያለው ክልስ መሆን የለበትም፥ ሌላ ይተካ የሚል አሳብ አቀረቡ። ይድነቃቸው ግን አምበሉን አልለውጥም ብለው ጸኑ። በጊዜው የነበረውን የሰው ስሜት ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ገና ሃያ ዓመት ያህል ማለፉ ነበርና፥ ቁስሉ በብዙ ቤት አልሻረም። የተከራካሪዎቹ ምሬት ከየት እንደመጣ መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሉቻኖ የአባቱን ሀገር አልመረጠም፤ ኳስን ግን መጫወት ያውቅ ነበር፤ ጓደኞቹም በሜዳ ላይ ይሰሙታል። አሠልጣኙ የመዘኑት ይህን ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያና በዚያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ተገናኙ። ግብፅ በበዳዊ አማካይነት ቀደመች። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ወዲያው በዳዊ ደግሞ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፥ ተስፋ ሊቆረጥ በተቃረበበት ሰዓት፥ ሁለተኛዋን የኢትዮጵያ ግብ ያስቈጠረው ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው «ይለወጥ» የተባለው አምበል ራሱ ነበረ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን አንድ ነገር አለ። የሉቻኖ ግብ ባይገባ ኖሮስ የይድነቃቸው ውሳኔ ስሕተት ይሆን ነበርን? አይደለም። ትክክል የሆነ ምርጫ ኳሱ አግዳሚውን መትቶ ቢመለስም ትክክል ነው። ቲፎዞ ሁሉን በውጤት ብቻ ሲለካ የሚስተው በዚህ ነው።

ሦስት በረኞችና አንድ ቢጫ ካርድ፥ 2005 ዓ.ም.

ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፈ። በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለነበረ ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦችም አለፈ። በ31 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበርና ሕዝቡ ሁሉ በደስታ ሰከረ። ቡድኑም በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው ጥር 13 ቀን፥ ማለት ዋንጫው በተወሰደ ልክ በ51ኛው ዓመት ነው።

በዚያ ውድድር የበረኛ ቦታ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ በግልጽ ታየ። በሕጉ መሠረት ከተመዘገቡት 23 ተጫዋቾች ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች ነበሩ። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰውም በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ ገባ። ቡድኑ በዐሥር ሰው እየተጫወተ አዳነ ግርማ ግብ አገባና 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በመጨረሻው ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ በረኛው ሲሳይ ባጫ ነበር፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እርሱም በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪ ስላለቀ የመስክ ተጫዋች የሆነው አዲስ ሕንፃ የበረኛ ልብስ ለብሶ ከቋሚዎቹ መካከል ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሦስቱም በረኞች አልቀው አራተኛ ሰው ተፈለገ ማለት ነው። በየመንደሩ «መጀመሪያውኑ እገሌን ቢያቆሙት» የሚለው ክርክር ስንት ወር እንደፈጀ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ከማንኛውም የቲፎዞ ክርክር የበለጠ ዋጋ ያስከፈለው የምርጫ ስሕተት የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያ ጨዋታ የተሰለፈው አማካዩ ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል በሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ ስለነበረ ለአንድ ጨዋታ መቀመጥ ይገባው ነበር። ይህን መዝግቦ የያዘ ሰው አልተገኘም፤ ወይም የያዘው አልተናገረም። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ወሰደ። በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የምድቡ አሸናፊነታችን መረጋገጥ ሲገባው፥ ነገሩ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ተንጠልጥሎ ቆየ። ደግነቱ ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን አሸንፎ አለፈና በ2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ እጅ ተሸነፈ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ «ማን ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ማን ይፈቀድለታል?» የሚለው እንደሚቀድም ነው። ያንን ደግሞ ጩኸት አይመልሰውም፤ የሚመልሰው መዝገብ ነው። ከመቶ ሺህ ቲፎዞ ድምፅ ይልቅ የአንድ ጸሐፊ ደብተር የሚበልጥበት ሰዓት አለ።

የመቀሌ ክርክር፥ 2011 ዓ.ም.

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። መቀሌ በቀድሞው ጊዜ ትራንስ ኢትዮጵያና ጉና የተባሉትን ቡድኖች በከፍተኛው ክፍል አሰልፋ ነበር። በኋላ መቀሌ ከተማ ይባል የነበረው፥ ዛሬ መቀሌ 70 እንደርታ የሚባለው ክለብ ለ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። በሁለተኛው ዓመት፥ በ2011 ዓ.ም.፥ ሻምፒዮን ሆነ። ውድድሩ እስከ መጨረሻው ቀን አልለየም ነበር። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን ያደረጉ በመሆናቸው፥ በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን ለዋንጫ አበቁ። የዚህ ከተማ አጥቂ አማኑኤል ገብረሚካኤልም የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ።

በዚያ ቡድን ግብ ላይ የቆመው ፊሊፕ ኦቮኖ ነበር። ኦቮኖ የኢኳቶሪያል ጊኒ ሰው ሲሆን ለሀገሩ ብሔራዊ ቡድንም ተጫውቷል። ይህም በከተማችን ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመት ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፥ ጅማ አባ ጅፋር ጋናዊውን ዳንኤል አጄይን፥ ፋሲል ከነማ ማሊያዊውን ሚኬል ሳማኬን አቁመዋል። ስለዚህ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ዋንጫ የወሰዱት ሁለቱም ቡድኖች በረኛቸው ከውጭ የመጣ ነበር ማለት ነው። ክርክሩም ከዚህ ተነሣ።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ክለብ የሚቋቋመው ለማሸነፍ ነው። ደጋፊው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ድል ለማየት ነው። ኦቮኖ ኳስ ሲይዝ ተከላካዩ ልቡ ያርፋል፤ ልቡ ያረፈ ተከላካይ ደግሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ወጣት ተከላካዮችም ከእንዲህ ያለ ሰው ይማራሉ። የሀገር ልጅ ቦታውን ከፈለገ በርትቶ ይውሰድ።» ይህ ጠንካራ አሳብ ነው፤ ዋንጫውም ይመሰክርለታል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይመልሳል፦ «የ2005ን ዓመት ረሳችሁትን? ብሔራዊው ቡድን በረኛ ሲያጣ የመስክ ተጫዋች ያቆመው ለምንድር ነው? በየክለቡ ያለው አንድ ቦታ በውጭ ሰው ከተያዘ የሀገር ልጅ የት ይለማመዳል? አጥቂ ከውጭ ቢመጣ አጠገቡ ሌላ አጥቂ ይጫወታል፤ በረኛ ከውጭ ሲመጣ ግን የሀገሩ ልጅ ወንበር ላይ ያረጃል።» ይህም ጠንካራ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አንድ ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ እሑድ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው የሚናገረው ከዐሥር ዓመት በኋላ ስላለው ጨዋታ ነው። አሠልጣኝ የሚጠየቀው ስለ እሑድ ስለሆነ እሑድን ይመርጣል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባውም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ላለው ጨዋታ የሚጠየቁት ፌዴሬሽኑ፥ የክለቡ አመራርና የወጣት ቡድን ያላቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስለዚህ «በረኛ ለምን ከውጭ መጣ?» ብለን ከመጮኻችን በፊት «በሠፈራችንና በትምህርት ቤታችን ልጅን በረኛነት የሚያስተምረው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። በየሜዳው እንደምናየው በረኛ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ መሮጥ የማይወደው ወይም ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ነው። ከዚህ የሚጀምር ሀገር በረኛ ሲያጣ ሊደነቅ አይገባውም።

የሚያስገርመው፥ ክለባችን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ለአፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ሲቀርብ ዕጣው የደረሰው ካኖ ስፖርት ከተባለው የኢኳቶሪያል ጊኒ ክለብ ጋር መሆኑ ነው፤ ማለት ከኦቮኖ ሀገር ቡድን ጋር። በድምር 3 ለ 2 ተሸንፈን ወጣን። ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች በአንድነት ዝም አሉ።

ክርክር ጠብ ሲሆን

አሁን የምናገረው ከባድ ነገር ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ጽሑፍ የሚያስደስተውን ብቻ መርጦ ማቅረብ አይገባውም። በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር ቡድናችን ለጨዋታ ወልዲያ በሄደ ጊዜ በደጋፊዎች መካከል የተነሣው ጠብ ወደ ከተማው ገባ። ጨዋታው አልተካሄደም፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚያም በኋላ አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲደረጉ ግድ ሆነ። የሞተው ሰው የማን ደጋፊ እንደነበረ መጠየቅ አያስፈልግም፤ የእናት ልጅ ነበር። በዚያ ጊዜ በየሜዳው የሚሰማው ጩኸት ስለ ተጫዋቹ እግር መናገር ትቶ ስለ ተወለደበት ሀገርና ስለሚናገረው ቋንቋ ሆኖ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተጣለው፥ በ1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው እምቢ ያሉት ሚዛን ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ የተነገረው ክፉ ቃል አይመለስም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነት ተጀመረ። መቀሌ 70 እንደርታ፥ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ። እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶርያ ስምምነት ድረስ፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፥ በዚህ ከተማ «ማን ይሰለፍ?» ብሎ የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ «ማን በሕይወት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር እንጂ። ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊግ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ልጆች ስለ በረኛ ሲጨቃጨቁ የሚሰማ መምህር፥ ጩኸቱ ቢያስቸግረውም ደስ ሊለው ይገባል። ስለ በረኛ መከራከር የሰላም ሰዎች ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ክቡራን አንባቢዎች፥ ከላይ ከተነገረው ታሪክ ለተከራካሪ ሁሉ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፥ ሳያዩ አለመፍረድ ነው። ጨዋታውን ያላየ፥ ልምምዱን ያላወቀ ሰው ተጫዋች ቢያወጣና ቢያስገባ፥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንበታል። ሁለተኛ፥ ሕግንና መዝገብን ማወቅ ነው፤ አንዲት ቢጫ ካርድ ያስከፈለችውን አይተናል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ የተጫዋቹን ሥራ እንጂ ዘሩን አለመመዘን ነው። ኳስ የያዘው ሰው ከአሥመራ ይምጣ፥ ከጅማ ይምጣ፥ ከማላቦ ይምጣ፥ ጥያቄያችን «ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚል ብቻ ይሁን።

እነዚህን ሦስቱን ጠብቀን ከተከራከርን፥ ክርክራችን ሥራ ፈትነት መሆኑ ቀርቶ ነገ በሸንጎ፥ በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ወንበር ለምንሠራው ሥራ ልምምድ ይሆነናል። ሰውን ለሥራ መምረጥ ያልለመደ ሕዝብ በሜዳ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ሁሉ ይሸነፋልና። በረኛ ለመሆን የምትፈልጉ ታናናሾቻችንም፥ በሠፈር ጨዋታ የመጨረሻ ተመራጭ አድርገው ወደ ግቡ ሲልኳችሁ አትዘኑ። አንድ ሰው ብቻ የሚቆምበት ቦታ እርሱ ነው፤ ሀገሪቱም እስከ ዛሬ የምትፈልገው ያንን አንድ ሰው ነው።